ከጉድጓዱ ወደ ኋላ፦ ትንንሽ ልጆችን ጎልፍ ማስጀመር በጎጃም

የስድስት ዓመቷ ልጄ የመጀመሪያዋን የጎልፍ ኳስ ጉድጓድ ያስገባችው በአባቴ አውድማ ላይ ነው። ወሩ የካቲት ነበር፤ ውቂያው አልቆ ጤፉ ጎተራ ገብቷል፣ በእበት የተለቀለቀው መሬት ደርቆ እንደ ምጣድ ልሙጥ ሆኗል። ኳሷ ከአንድ ክንድ ርቀት ተንከባልላ መሬት ውስጥ በቀበርነው ጣሳ ቋ ብላ ስትገባ አባቴ የድንጋይ ካቡ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። «ይኼማ ገና ነው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ «ተከላካዩስ የታለ?» ሲሉ ጠየቁ።

አባቴ ግማሹን በትክክል አይተዋል። ዱላ በሁለት እጅ ጨብጦ፣ ዓይንን ኳስ ላይ ተክሎ መምታት ለጎጃም ልጅ አዲስ ነገር አይደለም፤ የገና ዱላ ይዞ ከጥንግ ኋላ ያልሮጠ ማን አለ? አዲስ የሚሆንበት ሌላው ነው። በጎልፍ ኳሷን የሚነጥቅ የለም፤ ቆማ ትጠብቃለች። መሮጥ የለም። የሚያሸንፈውም ብዙ የመታ ሳይሆን ጥቂት መትቶ ጉድጓድ ያስገባ ነው። ልጆችን ግር የሚያሰኛቸው ይህ እንጂ ምቱ አይደለም።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት ከአራት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆችን ለሚያሳድጉ ወላጆች፣ አጎቶችና መምህራን ነው። አጠገባችሁ የጎልፍ ሜዳ አይኖር ይሆናል፤ የጎልፍ ዱላም ጨብጣችሁ አታውቁ ይሆናል። ሁለቱም አያግዷችሁም።

ለምን ከጉድጓዱ?

ጎልፍን በቴሌቪዥን ብቻ ያየ ሰው ልጁን የሚያስጀምረው ከሩቁ ምት ነው። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ከውጭ የመጣ ዘመድ የሰጠኝን የአዋቂ ዱላ ለአምስት ሕፃናት ሜዳ ላይ አከፋፈልሁና «ምቱ!» አልሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዲት የጎረቤት ልጅ ከፊቷ የቆመው ጓደኛዋ ወደ ኋላ በወሰደው ዱላ ቅንድቧን ተመታች። ሦስት ስፌት ተሰፋላት። እናቷ ለሁለት ሳምንት ቡና አልጠራችንም፤ አልፈረድሁባትም።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ሥርዓት የተገላቢጦሽ ነው፦ ከጉድጓዱ ጀምሮ ወደ ኋላ መሄድ። መጀመሪያ አንድ ክንድ፣ ቀጥሎ ሦስት እርምጃ፣ ቀጥሎ አሥር፣ ሙሉው ምት በመጨረሻ። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ኳስ ጉድጓድ ስትገባ ይሰማል፤ ጨዋታው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ትንሹ ምት ማንንም አያቆስልም። ደግሞም ትንሹ ምት ተራ ነገር አይደለም፤ 18 ጉድጓድ ባለው ሜዳ ፓሩ፣ ማለትም ከጥሩ ተጫዋች የሚጠበቀው የምት ብዛት፣ አብዛኛውን ጊዜ 72 ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ 36ቱ ለጥ ባለው የጉድጓዱ ዙሪያ ኳስ ለማንከባለል የተሰሉ ናቸው። ግማሹ ማለት ነው።

አውድማና ሰርዶ

የጉድጓዱ ዙሪያ በጎልፈኞች አነጋገር ግሪን ይባላል፤ አረንጓዴና እንደ ምንጣፍ የተላጨ ስለሆነ። ነገር ግን ውኃ በማይበቃባቸው የአውስትራሊያና የካናዳ ገጠሮች በሣር ፈንታ በዘይት የታሸ አሸዋ ደልድለው የሚጫወቱባቸው ሜዳዎች አሉ። እንግዲህ አውድማ የማይሆንበት ምክንያት የለም፤ እንዲያውም ከማውቀው ሣር ሁሉ ይበልጥ ቀጥ አድርጎ ያንከባልላል። ባለቤቱን ማስፈቀድ ግን ግዴታ ነው። የሰው አውድማ ከሆነ አትቆፍሩ፤ ጣሳውን በጎኑ አጋድሙትና ልጆቹ ወደ አፉ ያንከባልሉ። እውነተኛው የጎልፍ ጉድጓድ አፉ 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትንሹ የዱቄት ወተት ጣሳ ወደዚያ ይቀርባል። ለአራት ዓመት ልጅ ይህ ጠባብ ነው፤ ገመድ ክብ አድርጋችሁ አንጥፉለት።

ለሩቁ ምት የሣር ሜዳ ያስፈልጋል። በሞቃት አገሮች ታላላቆቹ የጎልፍ ሜዳዎች የሚለብሱት፣ እኛ ከማሳ እየነቀልን የምንጥለውን ሰርዶንና ዲቃላዎቹን ነው። ሰርዶ መረገጥን ይችላል፣ ሲታጨድ ይበልጥ ይጠቀጠቃል። አጫጁንም መቅጠር አያስፈልግም፤ በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ጎልፍ ሲጀመር ሣሩን የሚያሳጥሩት በጎች ነበሩ። በሴንት አንድሩስ ከተማ ደግሞ ሊቀ ጳጳሱ ጆን ሃሚልተን እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1552 በሰጡት ሰነድ የከተማው ሕዝብ በዳርቻው ሜዳ ላይ ጎልፍ የመጫወት መብት እንዳለው ተረጋግጧል። የወል ግጦሽ መሬት ላይ ልጅ ሲያጫውቱ «ይህ የሀብታም ጨዋታ አይደል?» የሚል ቢመጣባችሁ ይህን ንገሩት።

ከተማ ውስጥ ያለ ሰው የሲሚንቶ ግቢ ወይም ሳሎን ላይ የተነጠፈ ስጋጃ ይበቃዋል፤ ለመጀመሪያው ወር ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ዱላና ኳስ

የአዋቂ ዱላ በመጋዝ አጭሮ ለልጅ መስጠት የተለመደ ስሕተት ነው። ቁመቱ ያጥራል እንጂ ራሱ እንደከበደ፣ ዘንጉም እንደገተረ ይቀራል፤ ልጁ ዱላውን ሳይሆን ዱላው ልጁን ያወዛውዛል።

የእኔ ልጅ ዱላ የአናጢ ሥራ ነው። ዘንጉ ከአዊ የመጣ ቀጭን ቀርከሃ፣ ራሱ ደግሞ መዳፍ የምታህል የወይራ ቁራጭ። አናጢው የገና ዱላ መስሎት ጫፉን ሊያጎብጠው ነበር፤ «አይ፣ ፊቱ እንደ ሳሙና ጠፍጣፋ ይሁን» ብዬ አስቆምሁት። ጠፍጣፋው ፊት ነው ኳሷን ቀጥ አድርጎ የሚሰዳት። እንጨት ነው ብላችሁ አትፈሩ፤ ብረት ከመንገሡ በፊት የዓለም ታላላቅ ጎልፈኞች ዘንግም እንጨት ነበር። ቁመቱ መሬት ላይ ሲቆም ከልጁ እምብርት እንዳያልፍ። ክብደቱን ለመፈተን ልጁ በአንድ እጁ ወደ ፊት ዘርግቶ ይያዘው፤ እስከ አሥር ሳይቆጥር እጁ ከተንቀጠቀጠ ከባድ ነው፣ ራሱን አስጠርቡት። እውነተኛ የልጆች ዱላ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ሦስት ብቻ ጠይቁ፦ ፓተር (ማንከባለያው)፣ ሰባት ቁጥር አይረን (ፊቱ ወደ ላይ ያዘነበለ የብረት ዱላ) እና አንድ ዌጅ (ከእርሱ ይበልጥ ያዘነበለ)። ሕጉ ለአንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ ልጅ ግን አሥራ አራት ዱላ ተሸክሞ የት ይደርሳል?

ኳሱ በየደረጃው ይለወጣል። በመጀመሪያ የካልሲ ኳስ ወይም የቴኒስ ኳስ፣ እውነተኛዋ የጎልፍ ኳስ ለማንከባለል ብቻ። እሷ ከ45.93 ግራም አትበልጥም፤ የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ያህል ማለት ነው፣ ጥንካሬዋ ግን የጠጠር ነው። በእኛ ደጋ ደግሞ አየሩ ሳሳ ስለሚል ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ራቅ ብላ ትበራለች። ልጆቹ በጨርቅ ኳሱ ቢያፍሩ፣ የድሮዎቹ ስኮትላንዳውያን ኳስ በላባ የተጠቀጠቀ ቆዳ እንደነበር ንገሯቸው።

የአመድ ክብ

ከዚያች ቅንድብ በኋላ ያለ አመድ ሜዳ አልወጣም። ለእያንዳንዱ ልጅ በአመድ ክብ እሠራለሁ፤ በክቦቹ መካከል አምስት የአዋቂ እርምጃ ይለካል። ዱላ የሚነሣው ክብ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከክብ የወጣ ልጅ ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ ይወጣል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይመታሉ። «ምቱ» ሲባል ይመታል፣ «ልቀሙ» እስኪባል ድረስ ኳሱ እግር ሥር ቢወድቅ እንኳ የሚያነሣ የለም። ኳስ ወደ ሰው ሲሄድ ጎልፈኞች «ፎር!» ብለው ይጮኻሉ፤ እኛ «ኳስ!» እንላለን። ይህን የሰማ ልጅ ቀና ብሎ አይፈልግም፤ ፊቱን አዙሮ፣ ራሱን በሁለት ክንዱ ሸፍኖ ይጎነበሳል። ይህን ያለ ኳስ፣ እንደ ጨዋታ፣ ደጋግማችሁ አለማምዱ፤ ይወዱታል። ጥጃና በግ የሚያልፍበት ሜዳ ከሆነ አንድ ልጅ በየተራ ጠባቂ ይሁን።

አያያዝና አቋቋም

ልጅ የሚማረው ከጆሮው ይልቅ ከዓይኑ ነው፤ ስለዚህ የት እንደምትቆሙ ተጠንቀቁ። ፊት ለፊት ቆማችሁ ካሳያችሁት እንደ መስታወት ገልብጦ ይቀዳችኋል። ታዋቂው አሜሪካዊ ጎልፈኛ ፊል ሚኬልሰን በሌላው ነገር ሁሉ ቀኝ ሲሆን ጎልፍን በግራ የሚመታው፣ በሕፃንነቱ ከአባቱ ፊት ለፊት ቆሞ በመቅዳቱ ነው። እርሱን አልጎዳውም፤ እናንተ ግን ከልጁ ጎን ቁሙ። ግራኝ የሆነውን ልጅ ደግሞ በግራው ተዉት። «በቀኝህ ያዝ» እያሉ ማስጨነቅ በእርሳስም ሆነ በዱላ አልጠቀመንም።

አያያዙ የመጥረቢያ ነው። ቀኝ የሆነ ልጅ ግራ እጁን ከላይ፣ ቀኙን ከሥር፣ ሳያራርቅ ይጨብጣል፤ አሥሩም ጣቶች ዘንጉን ይንኩ። ጣት ማቆላለፉ የአዋቂዎች ነው፣ አሁን አያስፈልግም። «ወፍ እንደያዝህ ያዘው፤ እንዳትበር፣ እንዳትሞትም» ስለው የአምስት ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ወዲያው ገባው።

ለአቋቋሙ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። «ለሽማግሌ እጅ ስትነሺ እንዴት ነው የምትጎነበሺው?» በሏት። ከዳሌዋ ጎንበስ ትላለች፣ ጀርባዋ ቀጥ ይላል፣ እጆቿ ይንጠለጠላሉ። ዱላውን እዚያ እጅ ውስጥ አስቀምጡላት። እግሮቿ የትከሻዋን ያህል ይከፈቱ፤ ኳሷ በመካከላቸው ትሁን።

ማንከባለል

ዲያቆን ጽና ሲያወዛውዝ አይታችኋል፤ ሰንሰለቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ይሄዳል፣ የሚቸኩልበት ቦታ የለም። የፓተር ምት ያ ነው። የእጅ አንጓ አይታጠፍም፤ ከትከሻ ይወዛወዛል። መጀመሪያ ከአንድ ክንድ ርቀት አምስት ኳስ፣ ሁሉም እስኪገባ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ሦስት። ሲስቱ ወደ ፊት መልሷቸው፤ ቅጣት አይደለም፣ የመግባት ድምፅ እንዳይርቃቸው ነው።

አቅጣጫን ለማስተማር ሁለት ድንጋይ በር አድርጋችሁ በመካከሉ አሳልፉ። ርቀትን ለማስተማር ደግሞ «አስተኛት» የምንለው ጨዋታ አለን፦ መሬት ላይ በአመድ መስመር ይሠመራል፣ ኳሷን ገፍቶ ከመስመሩ አጠገብ ያስተኛ ያሸንፋል፣ መስመሩን ያሳለፈ «ቀሰቀስሃት!» ይባላል። ለጉልበት ብቻ የሚመታ ልጅ በዚህ ጨዋታ በሦስት ቀን ይገራል። በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ወር ብትቆዩ አትቸኩሉ።

አጭሩ ምት

አሁን ኳሷ ትንሽ ትበራለች፣ ብዙ ትንከባለላለች። ዱላው ፊቱ ወደ ላይ ያዘነበለ መሆን አለበት፤ ለአናጢው ሁለተኛ ዱላ እዘዙት፣ ወይም አይረኑን ተጠቀሙ። እዚህ ላይ ሁሉም ልጅ አንድ ስሕተት ይሠራል፦ ኳሷን ለማንሣት ከሥሯ ሊዝቃት ይሞክራል፣ እጁን ወደ ላይ ይስባል፣ ዱላው አናቷን ገጭቶ ያልፋል። ያዘነበለው ፊት ራሱ ያነሣታል፤ የልጁ ሥራ ሣሩን መጥረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ኳሷን አንሡና «ደጅ ጥረጊ» በሏት። የሣሩ ጫፍ ሽው ሲል ከሰማችሁ በኋላ ኳሷን መልሱ። ክብደቷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በፊተኛው እግሯ ላይ ይረፍ።

ለዒላማ ሰፌድ አስቀምጡ፤ የካልሲ ኳስ ሰፌድ ላይ ማሳረፍን የሚያህል ደስታ አላየሁም። አሮጌ ሰፌድ ይሁን እንጂ። ባለቤቴ ይህን ዓረፍተ ነገር እንድጽፍ አዝዛኛለች።

ሙሉው ምት

ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ምስጢሩን ያውቃል። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ላይ ነው፤ መነሻው ላይ በጉልበት የጀመረው ሰው ራሱን ይገርፋል እንጂ አያጮኸውም። ሙሉው የጎልፍ ምትም እንዲሁ ነው፦ ዳሌ ቀድሞ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ክንድ ይመጣል፣ የዱላው ራስ በመጨረሻ ይፈጥናል። መጀመሪያ ያለ ኳስ፣ ዱላውን ገልብጦ በቀጭኑ ጫፍ አየሩን ይምታ። «ሽው» የሚለው ድምፅ ኳሷ ትቆም ከነበረበት ቦታ ወዲያ እንጂ ወዲህ እንዳይሰማ። በቃላት የማይገባው ልጅ በጆሮው ይገባዋል።

ኳሷን ከፍ የምታደርገው ቲ ዛሬ ትንሽ የእንጨት ችካል ናት። የእንጨት ቲ ከመለመዱ በፊት ጎልፈኞች እርጥብ አሸዋ በጣታቸው ቆንጥረው ክምር ይሠሩ ነበር። እኛም ጭቃ እናበጃለን። ይህ ለልጆቹ ከምቱ ይልቅ የሚጥምበት ቀን አለ፤ ተዉአቸው።

መታ ካደረገ በኋላ ልጁ እንደ ሐውልት ይቁም፦ የቀበቶው ዘለበት ወደ ዒላማው ዞሮ፣ የኋላ ተረከዙ ተነሥቶ። «ፎቶ!» በሉና እስከ ሦስት ቁጠሩ። ሳይንገዳገድ ሦስት ከደረሰ ምቱ ጥሩ ነበር፣ ኳሷ የትም ትሂድ። ከተንገዳገደ በጉልበቱ ቸኩሏል ማለት ነው፤ ሁለት እግሩን ገጥሞ ቀስ ብሎ ይምታ፣ ሰውነቱ ራሱ ልኩን ያገኛል።

ዘጠኝ ከተማ

ሦስቱን ምቶች ካወቁ በኋላ ልምምዱን ቀንሳችሁ ጨዋታ ስጧቸው። ግማሽ ሜዳ ዘጠኝ ጉድጓድ ነው፤ የእኛዎቹ ጉድጓዶች ስም አላቸው፦ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ፣ ባሕር ዳር። የመጀመሪያው ምት ከአባይ በረሃ ይነሣል፤ ለዚህ አንድ ቦይ አለን። ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ከሃያ እስከ ሠላሳ እርምጃ ይበቃል። ባሕር ዳር አጠገብ ውኃ የሞላ ሳፋ እንቀብራለን፣ ጣና ነው። ጣና የገባ ኳስ ወጥቶ አንድ ምት ይጨመርበታል፤ እውነተኛው ሕግም በውኃ የሚያስከፍለው አንድ ምት ነው። ኳስ ጉድጓድ በገባ ቁጥር «ወራጅ አለ!» የሚለው ጩኸት የልጆቹ ፈጠራ ነው።

አቆጣጠሩ በሽምብራ ይሁን። በእያንዳንዱ ምት አንድ ሽምብራ ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ይገባል፤ ባሕር ዳር ሲደርሱ ቀኝ ኪሱ የቀለለው አሸናፊ ነው። ለትንሹ ልጅ ከትልቁ ይልቅ በየጉድጓዱ አንድ ወይም ሁለት ሽምብራ ይቀነስለት፤ ጎልፍ ለደካማው ተጫዋች እንዲህ ያለ ድጎማ ያውቃል። ሽምብራው ቢበላስ? ይበላል። ስለዚህ ጥሬውን ስጧቸው፣ ቆሎውን ለመጨረሻ አቆዩት።

በዚህ ጨዋታ ላይ ዳኛ አትሁኑ። ጎልፍ ተጫዋቹ በራሱ ላይ የሚመሰክርበት ጨዋታ ነው። ቦቢ ጆንስ የተባለው አሜሪካዊ ጎልፈኛ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1925 የአሜሪካ ኦፕን በተባለው ውድድር ላይ ማንም ሳያይ ኳሱ ትንሽ እንደተንቀሳቀሰች ተናግሮ በራሱ ላይ አንድ ምት አስቆጠረ፤ ውድድሩ በእኩል ውጤት አልቆ በመለያው ተሸነፈ። ይህን ታሪክ ማታ እሳት ዳር ነገርኋቸው። ልጄ «ታዲያ ለምን ዝም አላለም?» አለች። በማግስቱ መራዊ ላይ ሁለት ሽምብራ በራሷ ጨመረች፤ አንዱ የሚገባት አልነበረም።

የአዋቂው ሥራ

በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ አርሙ። አያያዙን ካረማችሁ እግሩን አትንኩ። ለአራትና አምስት ዓመት ልጅ ሃያ ደቂቃ፣ ለሰባትና ስምንት ዓመት ከአርባ አምስት ደቂቃ አይለፍ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ጥዋት ወይም ፀሐይ ስትበርድ ውጡ፣ ባርኔጣና የሚጠጣ ውኃ አትርሱ። «አንድ ጊዜ ብቻ!» እያሉ ሲለምኗችሁ ዱላውን ሰብስቡ። የሰለቸው ልጅ ደግሞ በግ ቢያባርር ይሻለዋል፤ ነገ ይመለሳል።

አዲስ አበባ የጎልፍ ክለብ አለ፤ ዕድሉ ሲገኝ ቀድማችሁ ደውላችሁ ልጆችን የሚያስገቡበትን ሰዓት ጠይቁ። ሌላው ሲመታ ዝም ማለትን፣ ሌላው ኳሱን የሚያንከባልልበትን መስመር አለመርገጥንና የተነቀለ ሣር መልሶ መድፈንን እዚህ ሜዳችሁ ላይ ካስለመዳችኋቸው እዚያ አታፍሩም።

ሰኔ ሲገባ ሜዳው ይጨቀያል፣ አውድማውም ሣር ያበቅላል። ጨዋታው ሳሎን ውስጥ ወደ ማንከባለል ይመለሳል። የእንጨቱን ዱላ ጭቃውን አጥባችሁ አድርቁና ተልባ ዘይት ቀቡት፤ የድሮዎቹ የእንጨት ዘንጎችም የሚታሹት በተልባ ዘይት ነበር፣ ከታጣ የኑግም ይሆናል። እሳት አጠገብ አትስቀሉት፣ ቀርከሃው ይሰነጠቃል። መስከረም ላይ አውርዱትና ከልጁ እምብርት ጋር ለኩት፤ አጥሮ ታገኙታላችሁ። ለታናሹ ስጡትና አናጢው ዘንድ ሂዱ።